ከአባቴ በኋላ ማን

ቩኒዲሎ፣ ኦክቶበር 6 ቀን 1996

ይድረስ ሱቫ ላለችው ለአጎቴ ልጅ ለቶሪካ፤

ሰላምታዬ በዕቃ መርከቧ ላይ፣ ከደረቅ ኮኮናት ከረጢቶች መሀል ተጠቅጥቆ ይመጣልሻል። ወረቀቱ ከሸተተሽ ከኮኮናቱ ነው፤ እኔ ትናንት ታጥቤአለሁ። ደህና ነኝ። እናትሽም ደህና ናቸው፤ ስለ ጉልበታቸው የጠየቅሽኝን በሌላ ደብዳቤ እመልሳለሁ። አሳማሽ ወልዳለች። ከልጆቿ አንዷ ቁርጥ አንቺን ስለምትመስል ቶሪካ ብያታለሁ። ስጠራት ትመጣለች፤ በዚህ ካንቺ ትሻላለች።

የላክሻቸው ጥያቄዎች ደርሰውኛል፣ ሁሉንም ለወንድምሽ ለኢሲሜሊ አንብቤለታለሁ። እናንተ ካደጋችሁ ወዲህ እንደ አገራችን ወግ አንድ ቃል ተለዋውጣችሁ አታውቁም። እሱ በአንዱ በር ሲገባ አንቺ በሌላው ትወጫለሽ፤ ስምሽን አይጠራም፣ ስሙን አትጠሪም። እኔ ግን የአክስት ልጅ ነኝ፤ ከሁለታችሁም ጋር መሳቅ፣ መሳደብ፣ ከሳህናችሁ ላይ ማንሣት ይፈቀድልኛል። እንዲያውም ግዴታዬ ነው። ስለዚህ የባህርና የሰው ጥናት የምትይው ሁለተኛ ዲግሪሽ በሙሉ እኔ ምላስ ላይ ተንጠልጥሏል። መምህሩ ቦርሳ ውስጥ ሸርጣን ከትቶ ከስምንተኛ ክፍል የተባረረ ሰው ምላስ ላይ። አስተማሪዎችሽ አራት ናቸው ብለሽኛል፤ አንዱ ዓሣ ይቆጥራል፣ አንዷ ሕግ ታውቃለች፣ አንዱ የድሮ ታሪክ፣ አንዷ ነፋስ። ለአንድ ባህር አራት ሰው። ምን ሆነው ነው አንድ ላይ የተሰበሰቡት፣ ብቻቸውን ይፈሩታል?

መልሶቹ እነሆ። አንደኛ፣ አባታችሁ ደሴት ከዓይን ሲጠፋ በምን ይመራ ነበር? ኢሲሜሊ፦ «በባህሩ።» ሁለተኛ፣ ባህሩ ምን ይለው ነበር? ኢሲሜሊ ተነሥቶ ኩሽና ገባና ካሳቫ ይዞ ተመለሰ። ሦስተኛው ላይ ስደርስ ካሳቫውን ጨርሶ ተኝቷል።

እኔም ሰለቸኝ። ጆሮው ሥር ሄጄ፣ ሱቫ ያሉት አራቱ አስተማሪዎች ምን እንዳሉ ሰምተሃል ወይ አልኩት። ቩኒዲሎ ውስጥ ያለ ሞተር ሱቫ የሚደርስ ወንድ አልቋል ብለዋል፣ ቶሪካ ጥናቷን ይዛ ፊታቸው በምትቆምበት ቀን ወደቡ ላይ አንድ የቩኒዲሎ ሸራ ካላዩ አልቋል ብለው ጽፈው ማኅተም ይመቱበታል አልኩት። ፊቴን እንዴት እንዳኮሳተርኩት ብታዪ አንቺም ታምኚኝ ነበር።

አንድ ዓይኑን ከፈተ። «ቀኑ መቼ ነው?»

ዲሴምበር ዘጠኝ አልኩት። ተነሥቶ ወጣ። አባታችሁ ጀምሯት የቀረችውን፣ እሱ ደግሞ ለማንም ሳይናገር ሲጨርሳት የከረመውን ባለሸራ ታንኳ ታውቂያታለሽ፣ የዳቦ ፍሬው ዛፍ ሥር ያለችውን። ጀምበር እስክትጠልቅ ገመዶቿን አንድ በአንድ እየጎተተ ሲፈትሽ አየሁት። ከኩሽናው ጀርባ ሄጄ ሆዴን ይዤ ሣቅሁ። መቀለዴን ሲያውቅ የሚያሳየውን ፊት በሚቀጥለው መርከብ እጽፍልሻለሁ።

የአክስትሽ ልጅ፣ አፒሳይ


ሱቫ፣ ኦክቶበር 21 ቀን 1996

ለአፒሳይ፤

ደህና መሆንህን ከቀልድህ ስላወቅሁ ሰላምታውን ይዤዋለሁ። ያነሣኸውን አውርድ። ይህ ደብዳቤ በደረሰህ ሰዓት ሄደህ ለአባቴ ልጅ ውሸት ነው በለው።

አስተማሪዎቼ እንደዚያ አላሉም። አንዳቸውም። እኔ የጻፍኩት ሌላ ጉዳይ ነው፣ እሱን አትጠይቀኝ።

ረስተህ ከሆነ ላስታውስህ። ከሁለት ዓመት በፊት አባቴ የመጀመሪያ ዲግሪዬን ስቀበል ለማየት በትንሿ ታንኳ፣ ደሴታችንን የከበበው አለት ከሚከፈትበት በር ወጣ። ዲሴምበር ነበር። እዚህ ጥቁር ካባ ለብሼ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ቆሜ፣ ሰው ሁሉ ገብቶ ሲያልቅ እንኳ አልገባሁም ነበር። እስከ ዛሬም የታንኳዋ ስንጣሪ አልተገኘም። አሁን ደግሞ የአባቴ ልጅ በዚያው ወር፣ ከዚያው በር፣ ለዚያችው ለእኔ ብሎ ይወጣል። በአንተ ቀልድ። የማዕበሉ ወራት እየገባ መሆኑን የነፋስ አስተማሪዬ ብቻ ሳትሆን አሳማዋ ቶሪካም ታውቀዋለች።

እኔ ልጽፍለት አልችልም፤ ብጽፍለትም አይከፍተውም። ቃል ልልክበት የምችለው አፍ ያንተ ብቻ ነው። ምን ዓይነት አፍ እንደመረጥኩ ዛሬ ገባኝ።

የእናቴን ጉልበት ነገር አሁንም አልመለስክልኝም።

ቶሪካ


ቩኒዲሎ፣ ኖቬምበር 3 ቀን 1996

ለተከበረችው፣ ለተቆጣችው ለአጎቴ ልጅ፤

ጎንበስ ብዬ፣ ሁለት እጄን ዘርግቼ፣ ይቅርታ። ቃሌ ቀልድ ቢመስልሽም አቀማመጤ የምር ነው።

ደብዳቤሽ በደረሰኝ ሰዓት ሄጄ ነገርኩት። ኢሲሜሊ፣ ያ ነገር ቀልድ ነው፣ አስተማሪዎቹ ምንም አላሉም፣ እኔ ነኝ የፈጠርኩት አልኩት። ከሥራው ቀና ሳይል፣ «ቀልዱ ይሄኛው ነው» አለኝ። በእናቴ ነፍስ ማልሁ። ባለፈው በእናቴ ነፍስ ምዬ የሰባኪውን ዶሮ አልበላሁም ማለቴን አስታወሰኝ።

ከዚያ በአፌ ካልሆነ በእጄ አልኩ። መሪ መቅዘፊያውን ሰርቄ አሸዋ ውስጥ ቀበርኩት። ከደረቅ እንጨት ሌላ ጠረበና፣ የድሮው ይከብደኝ ነበር ብሎ አመሰገነኝ። ሸራውን እናትሽ የሚተኙበት ምንጣፍ ሥር ደበቅሁት። እናትሽ ላዩ ላይ ተኝተው አደሩ። ጠዋት ኢሲሜሊ ሲፈልግ በዚያ በጉልበታቸው ተነሥተው አወጡለት፤ መርፌና ክርም ጨመሩለት።  ከዚያ እኔን አዩኝ፣ ያን አስተያየት ታውቂዋለሽ።

ሰው ፊት ተናገር ትይኝ ይሆናል። ተናግሬአለሁ። ማታ የያንጎናው መጠጥ ተበጥብጦ ወንዶቹ ሁሉ በተቀመጡበት ተነሥቼ፣ ይሄ ጉዞ የኔ ቀልድ ነው፣ አቁሙት አልኩ። ከሣቁ ብዛት ጽዋ ያዡ ሊደፋው ነበር። አንደኛው እንባውን እየጠረገ፣ እስከ ዛሬ ከቀለድካቸው ሁሉ ይሄ ይበልጣል አለኝ። ባህር ፈርቶ ነው ያለም አለ። ሰባኪው እሁድ ለታንኳዋ ጸለየ። ሴቶቹ ሁለተኛ ሸራ እየሠሩ ነው፣ ልጆቹ ዘፈን አውጥተውላታል። እኔ የጣልኳት አንዲት ትንሽ ቀልድ አድጋ፣ አግብታ፣ ልጅ ወልዳ አገኘኋት።

ስለ እሱ ማወቅ ከፈለግሽ፦ ትንሽ ይበላል። እንቅልፉ ጥሩ ነው። አብሮት የሚወጣ ሁለተኛ ሰው እየፈለገ ነው፤ ሁሉም ይዘፍናል እንጂ እስካሁን እኔ ያለ የለም። ብቻውንም ቢሆን ይወጣል።

ስለ ጉልበቱ በሌላ ጊዜ።

አፒሳይ


ሱቫ፣ ኖቬምበር 12 ቀን 1996

ለአፒሳይ፤

ላንተ ያለኝ ቁጣ ይቆይ። እንደሞከርክ አምኜሃለሁ፤ ይህን ስጽፍ እኔም ለራሴ ገርሞኛል።

አንድ መንገድ ብቻ ቀርቷል። ቅዳሜ ኖቬምበር 23 ከቀትር በኋላ ከዚህ ፖስታ ቤት በሬዲዮ ስልኩ እደውላለሁ። የሚጠራው ያንተ ስም ነው። የአባቴ ልጅ ግን ከሬዲዮ ቤቱ መስኮት ውጭ ይቁም። እንዴት እንደምታመጣው አላውቅም፤ ሰውን የማታልልበት ብልሃት ካለህ ለዚህ ቀን ተጠቀምበት። የሬዲዮ ስልኩ ጠባቂ ቪሊያሜ ድምፁን ከፍ ያድርገው።

አዎ፣ ሁሉም ደሴት እንደሚሰማ አውቃለሁ። አዎ፣ እናቴም ትሰማለች። ስለ ሥርዓቱ የምትጠይቀኝን እኔም ራሴን ስጠይቅ ሰንብቻለሁ። ለሕጓ አስተማሪዬ አንድ ጊዜ፣ በእኛ ዘንድ እህትና ወንድም አለመነጋገራቸው ክብር እንጂ ጥል አይደለም ብዬ ገጽ ሙሉ ጽፌላት ነበር። አሁንም ያው ነው የማምነው። ግን የሞተ ሰውን ማክበር አንድ ጊዜ በቅቶኛል።

ቶሪካ


ቩኒዲሎ፣ ኖቬምበር 25 ቀን 1996

ለቶሪካ፤

ድምፅሽን ሰምተናል። አንቺ ያላየሽውን ልንገርሽ፤ ከዚያ ሳጥን ውስጥ ሆነሽ ምንም አይታይሽም።

ኢሲሜሊን ያመጣሁት፣ ሬዲዮው ስለ ማዕበል ሊናገር ነው ብዬ ነው። ውሸት አልነበረም ለካ። ከመስኮቱ ውጭ ግድግዳውን ተደግፎ ቆመ። ቪሊያሜ እንደ ሚኒስትር ጉሮሮውን ጠርጎ፣ እዚህ ቩኒዲሎ፣ ተናገሩ፣ ሲጨርሱ ጨርሻለሁ ይበሉ አለ። ስሜን ጠራሽ። አቤት ልል አፌን ስከፍት ሌላ ስም ጠራሽ።

«ኢሲሜሊ። ቶሪካ ነኝ። አትምጣ። በአባታችን መንገድ አትሂድብኝ።»

ከዚያ ጨርሻለሁ ሳትይ ቀረሽ። አንቺ ካላልሽ ደግሞ ማንም መናገር አይችልም። ሳጥኑ እሽሽ ይላል፤ ከሩቅ ከየትኛው ደሴት እንደሆነ እንጃ፣ የአንዲት አሮጊት ሳል ይሰማል። ስንት ሰው እስትንፋሱን ይዞ እንደነበር አስቢ። ቪሊያሜ እጁ ቁልፉ ላይ ደርቆ ቀረ። 

በመስኮቱ ብቅ ብዬ አየሁ። ወንድምሽ ባርኔጣውን አውልቆ መሬት ላይ ቁጭ ብሏል። ለአለቃ እንደሚቀመጡት፣ እግሩን አጣጥፎ፣ አንገቱን ደፍቶ። ስሙን ካንቺ አፍ ከሰማ ስንት ጊዜው ነው? ልጆች ሆናችሁ ሸርጣን ስታሳድዱ ሳይሆን አይቀርም። መስመሩ ተቆርጦ፣ ሰው ሁሉ ወጥቶ፣ እሱ እንደተቀመጠ ነበር።

በመንደሩ ምን ይባላል ትይኝ ይሆናል። ይባላል። ሰባኪው ቅር ብሎታል። ሴቶቹ ሸራ መሥራቱን አቁመው ስላንቺ ማውራት ጀምረዋል፤ ይሄ ይቀላል። እናትሽ እራት አልበሉም፤ ግን ማታ ስሄድ፣ «ድምፅዋ ወፍሯል፣ ትበላለች ማለት ነው» አሉኝ። 

ኢሲሜሊ በማግስቱ ሸራውን ጠቅልሎ ጣራ ሥር ሰቀለው። ደስ ብሎኝ ልዘል ስል ጠራኝ። ሱቫ ላለችው አንድ ጥያቄ ጠይቅልኝ አለኝ። በሕይወቱ የመጀመሪያው ነው፣ ስለዚህ ቃሉን ሳልነካ ጽፌዋለሁ፦ «በመጽሐፏ ውስጥ፣ ከአባቴ በኋላ ማን ይላል?»

አፒሳይ


ሱቫ፣ ዲሴምበር 1 ቀን 1996

ለአፒሳይ፤

ይህን ሳታሳምር፣ ሳትጨምር፣ ሳትስቅ እንዳለ አንብብለት።

ማንም አይልም። «ቩኒዲሎ ውስጥ በሸራ ርቆ የመጓዝ ዕውቀት በአባቴ ሞት አብቅቷል» ይላል። አንተ በቀልድ ለአስተማሪዎቼ የሰጠኸውን ቃል እኔ የምሬን ቀድሜ ጽፌው ነበር። ያን ጊዜ አትጠይቀኝ ያልኩህ ለዚያ ነው።

አጥቼው አይደለም። ልጅ ሆኜ፣ ከባህር ሲመለሱ፣ አባቴና ልጁ ማታ ከምንጣፉ ግድግዳ ማዶ ሲያወሩ እሰማ ነበር። አባቴ ይጠይቃል፣ ልጁ ይመልሳል፤ ሲሳሳት አባቴ ይስቃል፣ ሲያገኘው ዝም ይላል። በመጨረሻው ዓመት አባቴ ሁልጊዜ ዝም ይል ነበር። ማን ከማን በኋላ እንደሆነ ከእኔ በላይ የሚያውቅ የለም።

ግን እዚህ አንድ ነገር ስጽፍ አራቱም የሚጠይቁኝ፣ ከማን አፍ ሰማሽው ነው። ልክ ናቸው፤ እኔም በነሱ ቦታ ብሆን ያንኑ እጠይቃለሁ። የመንደሩን ሽማግሌዎች ሁሉ አንድ በአንድ ጠይቄአለሁ። የቀረኝ አንድ ሰው ነው፣ እሱን መጠየቅ አልችልም። በአንተ በኩል ብሞክር ካሳቫ ሆኖ ተመለሰ። ከግድግዳ ማዶ የተሰማ ደግሞ ምስክር አይሆንም። ስለዚህ አብቅቷል ብዬ ጻፍኩ። እያወቅሁ የአባቴን ልጅ ከመጽሐፌ ሰረዝኩት።

ንገረው፦ ዲሴምበር ዘጠኝ ፊታቸው ቆሜ ያቺ መስመር ስህተት ናት እላለሁ። ቢጥሉኝም ይጣሉኝ። እሱ በባህሩ አይክፈለው። ሸራው ጣራው ሥር ይቆይ።

ቶሪካ


ሱቫ፣ ዲሴምበር 10 ቀን 1996

ለአፒሳይ፤

የት ብዬ እንደምልከው አላውቅም። ፖስታው ላይ ቩኒዲሎ ብያለሁ።

ትናንት ጠዋት አዳራሹ ከመግባቴ በፊት ቪሊያሜ በሬዲዮ ደወለ። ሐሙስ ዕለት ሁለት ሰው ይዛ ታንኳዋ ከአለቱ በር ወጣች፣ ነፋሱ ቆመ፣ አልተመለሰችም አለኝ። ሁለተኛው ማን ነው አልኩት። አንተን ጠራ። አላመንኩትም። አንተ እኮ ገበታ ላይ ያለ ውኃ ስታይ የሚያዞርህ ሰው ነህ። ከዚያ ድምፁ ተቆረጠ። ሌሊቱን ደግሞ ማዕበሉ በሰሜን በኩል አልፏል ተባለ፤ የደሴቶቹ ሬዲዮ ሁሉ ዝም ብሏል።

ገባሁ። ምን ላድርግ፣ እግሬ ይዞኝ ገባ። ያቺ መስመር ስህተት ናት አልኳቸው። አራቱም ቀና አሉ። የታሪክ አስተማሪዬ ቀስ ብሎ፣ «ታዲያ ከአባትሽ በኋላ ማን ነው?» አለኝ። ጥያቄው ያው መሆኑ። ስሙን ጠርቼ፣ ከአፉ አልሰማሁም፣ በወጋችን ልጠይቀው አይፈቀድልኝም አልኩ። የሕግ አስተማሪዬ፣ በእናንተ ወግ እሱን መጠየቅ የሚችል፣ አንቺም መጠየቅ የምትችይው ሰው የለም ወይ አለችኝ።

አለ፣ አብሮት ጠፍቷል አልኩ።

አልጣሉኝም። ውኃ ሰጡኝ፣ እስከ ፌብሯሪ ጊዜ ሰጡኝ። የነፋስ አስተማሪዬ ተከትላኝ ወጥታ የማዕበሉን መንገድ በካርታ ላይ አሳየችኝ። ጣቷ ከአባቴ መንገድ ላይ ሲደርስ እንዳላይ ዞርኩ።

አትሂድ አልኩት እኮ። ሁሉ ሰው ሰምቷል። አንተ ደግሞ እኮ... ልሰድብህ ፈልጌ ነበር። ስድቡ ሳያልቅብኝ ተመለስ።

ቶሪካ


ሞአላ፣ ዲሴምበር 11 ቀን 1996

ለቶሪካ፤

ከሁሉ በፊት፦ ሁለታችንም አለን። አንብበሽ ተቀመጪ፤ ከዚያ ቀጥዪ።

እዚህ ሞአላ ደሴት ላይ የሬዲዮው ምሰሶ ወድቋል። ጉዳት ለማየት የመጣ የመንግሥት ጀልባ ወደ ሱቫ ሊመለስ ስለሆነ ይህን በችኮላ እጽፋለሁ። የወንድምሽ ቀኝ እጅ በገመድ ተልጧል፣ ሁለት ጣቱ ተሰብሯል፤ ነርሷ አሥራለታለች። እኔ የተሰበረብኝ የለም፣ ግን ሆዴ ውስጥ የነበረ ነገር ሁሉ ባህር ውስጥ ቀርቷል። የእናቴም ወተት ሳይቀር።

ለምን ወጣችሁ ትያለሽ። ደብዳቤሽን እንዳለ አነበብኩለት። እንደገና አንብብ አለኝ። አነበብኩ። «ነገ ጠዋት ከእኔ ጋር ትወጣለህ።» ወዴት? «ከአለቱ በር ማዶ፣ ትንሽ።» አትሂድ ብላሃለች እኮ አልኩት። «አትምጣ ነው ያለችኝ። አልመጣም።»

ባህር ላይ ሲደርስ ሌላ ሰው ነው፣ ይሄን ማንም አልነገረኝም። ሸሚዜን አስወልቆ በሱው ዓይኔን አሠረኝ። ታንኳዋ ሆድ ውስጥ በጀርባዬ አስተኛኝ። ሞገዱ የቱን ጎንህን ይመታሃል ይለኛል። ሁሉንም አልኩት፤ ፊቴ ላይ የጨው ውኃ ደፋብኝ። የቱ ጎንህን? ግራዬን። ደፋብኝ። እስክሰለች ሳይሆን እሱ እስኪሰለች እጠብቅ ነበር፣ እሱ ግን አይሰለችም። ከብዙ ትውከት በኋላ አንድ ነገር ከወገቤ ሥር ገባ፤ ሰነፍ ሞገድ፣ ቀስ ብሎ የሚመጣ፣ ሁልጊዜ ከአንድ ወገን። ነገርኩት። ዝም አለ። ስለ ዝምታው የጻፍሽውን አስታወስኩና የታሠረ ዓይኔ ረጠበ። ከጨው ውኃው ነው፣ እንዳትስቂ።

ከዚያ እሱን የሚያቋርጥ ሌላ አገኘሁ። ዝም አለ። ከዚያ እሱ ያልጠየቀኝን ሦስተኛ አገኘሁ። ከሰሜን፣ ረጅም፣ ከሩቅ የሚገፋ። ደግመህ በለው አለኝ። ደግሜ አልኩት። ዓይኔን ፈታልኝ። ፊቱን ሳየው መቀለድ እንደማያስፈልግ ገባኝ። ነፋሱ ቆሟል። ቩኒዲሎ በስተኋላችን ቀጭን መስመር ሆናለች፣ ውኃው ደግሞ ወደ ሌላ እየጎተተን ነው።

አባትሽ የወጣ ዕለት ጠዋት ይሄ ሞገድ ነበር አለኝ። ኢሲሜሊ ለአባትሽ ነግሮት ነበር። አባትሽም ያውቅ ነበር። ልጄ አዳራሹ ደጃፍ ላይ ትጠብቀኛለች ብሎ ሄደ። ይህን ንገራት አላለኝም፣ አትንገራትም አላለኝም። እኔ ነኝ የነገርኩሽ፤ ወንድምሽ ይህን ሁለት ዓመት ብቻውን መያዙ በቃው ብዬ ነው።

ከዚያ በኋላ ስላሉት ሌሊቶች አትጠይቂኝ። ነፋሱ ሲነሣ ሸራውን ወደ ሞአላ አዞረ፤ እዚህ ነን።

ትናንት ጠዋት ፀሐይ ስትወጣ ነፋሱ እንደ ልጅ እስትንፋስ ሆነ፣ ወደ ሱቫ የሚወስድ ነፋስ። ታንኳዋ ደግሞ ከአንድ ገመድ በቀር ምንም አልሆነች። ልቤ ተመለሰና፣ እንሂድ፣ ቀኑ ቢያልፍም ሸራችንን ወደቡ ላይ እንትከልላቸው አልኩት። የእጁን ፋሻ እያየ፣ አይሆንም አለ። በዕቃ መርከቧ እንመለሳለን፣ ታንኳዋ ትጫናለች። መሄድ የሚችለው ብዙ ነው፣ አባቴ ያላስተማረኝን፣ መተውን፣ እኔ ተማርኩ አለኝ።

ያኔ ጠየቅሁት። ቀልድ መሆኑን ከመጀመሪያው አውቀህ ነበር ወይ? «ካንተ አፍ ሌላ ምን ይወጣል?» አለኝ። ታዲያ ለምን ተነሣህ?  አስተማሪዎች ብለዋል ስትለኝ፣ እሷ ሳትሆን አትቀርም የጻፈችው ብዬ ነው አለኝ። መጥቼ እንድታየኝ ብቻ ፈልጌ ነው፣ ሳንነጋገር።

አሁን የላከልሽን ቃል ልጻፍ። ከሞአላ ሽማግሌ የተበደርኩት ባርኔጣ ጭንቅላቴ ላይ ነበር፣ አስወለቀኝ። ተቀመጥ አለኝ፤ ተቀመጥኩ። ከዚያ እንዲህ አለ፦

«ንገራት። ከአባቴ በኋላ እኔ። ከእኔ በኋላ ይሄ። እኔን መጠየቅ አትችልም፤ እሱን ትችላለች።»

ይሄ ሲል በተሰበረው ጣቱ አመለከተ። ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም አልነበረም።

ስለዚህ ለአስተማሪዎችሽ ስሜን አስተካክለሽ ጻፊ። አጭበርባሪ ነው ካሉ እውነት ነው በያቸው፤ ያቺን ሦስተኛ ሞገድ ግን አልፈጠርኳትም። የዕቃ መርከቧን ቸኩዬ ነው የምጠብቃት። ስለ እናትሽ ጉልበት እስካሁን ያልነገርኩሽ አስምለውኝ ስለነበር ነው፤ አባትሽ ከወጣ ጀምሮ በየጠዋቱ እርጥቡ አሸዋ ላይ ተንበርክከው ከአለቱ በር ወዲያ ያያሉ። አሁን ደግሞ ሁለት ሰው ነው የሚጠብቁት። ሄጄ ላነሣቸው ይገባል።

ጥያቄ ሁለትን በካሳቫ አልፈነው ነበር፤ ባህሩ ምን ይላል ያልሽውን። ከደቡብ ምሥራቅ የሚመጣው ሰነፉ ሞገድ ቤትህ ወዴት እንዳለ ይልሃል፣ እሱን አትልቀቀው። የሚያቋርጠው ምን ያህል እንደራቅህ ይልሃል። ከሰሜን የሚገፋው ሲመጣ፣ ማንም ይጠብቅህ፣ ተመለስ ይልሃል። ይህን ከኢሲሜሊ አፍ ሰምቼ፣ በጀርባዬ አረጋግጬ ነው የምጽፍልሽ።

ሦስተኛውን ጥያቄ ደግመሽ ላኪልኝ። አልተኛሁም።

አፒሳይ